አንድ ፊደል ሳይጨመርበት የሚያብጠው ሰነድ
የኅትመት ሶፍትዌር ሲሻሻል የፋይሎች መጠን ለምን ያድጋል?

በውጭ ሀገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚያሳትሟቸው የማኅበራት መጽሔቶችና የመታሰቢያ ጥራዞች በአብዛኛው የጥቂት በጎ ፈቃደኞች ሥራ ናቸው። ጽሑፉ ዋሽንግተን ይተየባል፤ ፎቶግራፉ ከፍራንክፈርት ይላካል፤ ማተሚያ ቤቱ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ሥራው በፋይል መላላክ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ የሰነዱ መጠን በድንገት ሲያብጥ ሁሉም ነገር ይቆማል። ይህ ችግር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው የገጽ ማቀናበሪያው ሶፍትዌር ወደ አዲስ ስሪት ከተሻሻለ በኋላ ነው። በይዘቱ ምንም ያልተለወጠ ሰነድ ከቀድሞው ብዙ እጥፍ ከብዶ ይገኛል።

ጥርጣሬው መጀመሪያ የሚያርፈው በአማርኛው ፊደል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ የገባው የግእዝ ፊደል በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ለእያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል፤ የላቲኑ ፊደል 1 ባይት ይበቃዋል። ነገር ግን ሒሳቡ ተጠርጣሪውን ነጻ ያወጣዋል። በገጽ 1,500 ሆሄያት ያሉት ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ ጽሑፉ ብቻውን ከአንድ ሜጋባይት ተኩል አይበልጥም። በአንጻሩ አንድ የኤፎር ገጽ የሚሞላ ባለቀለም ፎቶግራፍ፣ ለኅትመት በሚፈለገው የ300 ነጥብ ጥራት፣ 2,480 በ3,508 ነጥቦች አሉት። በአራት የኅትመት ቀለማት ተከፍሎ ሳይታመቅ ሲቀመጥ ወደ 35 ሜጋባይት ይጠጋል። አንድ ፎቶግራፍ ከመጽሐፉ ቃላት ሁሉ ከሃያ እጥፍ በላይ ይመዝናል ማለት ነው።

ታዲያ አዲስ ፎቶግራፍ ሳይገባ ክብደቱ ከየት መጣ? መልሱ ሶፍትዌሩ ሥራን በሚያስቀምጥበት መንገድ ላይ ይገኛል። እንደ ኢንዲዛይን ያሉ ፕሮግራሞች «ሴቭ» በተባሉ ቁጥር ሰነዱን እንደገና አይጽፉትም፤ አዲሱን ለውጥ በነባሩ ላይ ይደርቡታል። የተሰረዘው ገጽና የተተካው ሥዕል ከዓይን ቢሰወሩም ቦታቸውን ላይለቁ ይችላሉ። አሠራሩ በራሱ ጥፋት አይደለም። ሥራው በፍጥነት ይቀመጣል፤ መብራት በድንገት የጠፋበት አዘጋጅም ዋጋውን ያውቀዋል። ችግሩ ለዓመታት ሲጎተት የኖረ ሰነድ በአዲስ ስሪት ሲከፈት ነው። ፕሮግራሙ ሰነዱን ወደ ራሱ አወቃቀር ሲለውጠው፣ የቀድሞዎቹ ስሪቶች ትርፍራፊ አብሮ ሊሻገር ይችላል።

ሌላም ስውር ምክንያት አለ። ኢንዲዛይን የገጾቹን ትንንሽ ምስሎች በሰነዱ ውስጥ የማስቀመጥ ምርጫ አለው። ምርጫው ለመጀመሪያው ገጽ ብቻ ወይም ለሁሉም ገጾች ሊሆን ይችላል፤ የምስሉም መጠን ከትንሽ እስከ በጣም ትልቅ ይለያያል። ሁሉም ገጽ በትልቁ መጠን እንዲቀመጥ ከታዘዘ ፋይሉ ማበጡ አያስገርምም። ስለዚህ ከማሻሻያው በኋላ ይህን ምርጫ መመልከት ተገቢ ነው። በፋይል መንገድ ሳይገቡ ከሌላ ፕሮግራም ተቀድተው የተለጠፉ ሥዕሎችም እንዲሁ ሙሉ ክብደታቸው በሰነዱ ውስጥ ይቀራል።

መፍትሔው ከሕመሙ ይቀልላል። የሰነዱ ቅጂ ከተያዘ በኋላ «ሴቭ አዝ» በሚለው ትእዛዝ በአዲስ ስም ማስቀመጥ ሰነዱ እንደ አዲስ እንዲጻፍ ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ሰነዱን አይዲኤምኤል ወደተባለው ቅርጽ አውጥቶ፣ መልሶ ከፍቶ ማስቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከሲኤስ4 ጋር የመጣው ይህ ቅርጽ የሰነዱን ይዘት በጽሑፍ ይገልጻል እንጂ የተደራረበ ታሪኩን አይሸከምም። ሶፍትዌሩን ላላሻሻለ የሥራ ባልደረባም በአሮጌው ስሪት የሚከፈት መንገድ ይሆነዋል። ከዚያ በኋላ ግን ገጾቹን አንድ በአንድ ከቀድሞው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ የመስመር አሰባበር ሊቀየር ይችላልና።

ጊዜ ያጠረው አዘጋጅ በዚህ ፈንታ ፒዲኤፉን በነጻ ወደሚያሳንሱ ድረ ገጾች ይሮጣል። ይህ አቋራጭ ውድ ነው። የፎቶግራፎቹ ጥራት በጣም ሲቀነስ በስክሪን ላይ ያማሩት በወረቀት ላይ ይደበዝዛሉ። አንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ ገጹን በሙሉ ወደ ሥዕል ይለውጠዋል፤ ያን ጊዜ አማርኛው ሊፈለግም፣ ለዓይነ ስውር አንባቢ በድምፅ ሊነበብም አይችልም። በዚያ ላይ ገና ያልታተመ ሰነድ ለማይታወቅ ሰው ተላልፎ ተሰጥቷል።

ከክብደቱ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ግን ሌላ ነው። ፒዲኤፍም ለውጥን ከፋይሉ መጨረሻ ላይ እየቀጠለ፣ የቀድሞውን እንዳለ መተው ይችላል። ስሟ እንዲወጣ የጠየቀች እናት፣ በደህንነት ምክንያት ፊቱ እንዲሸፈን የፈለገ ስደተኛ፣ ከዝርዝሩ የተሰረዘ የስልክ ቁጥር በገጹ ላይ ባይታዩም በፋይሉ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። በጥቁር ሳጥን የተሸፈነ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከሳጥኑ ሥር እንዳለ ተቀድቶ ሊወጣ ይችላል፤ ተቆርጦ የገባ ፎቶግራፍም የተቆረጠውን ክፍል ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ለሕዝብ የሚለቀቀው ፒዲኤፍ ሲታረም ከቆየው ፋይል ሳይሆን፣ ስሙና ምስሉ ከምንጩ ከተሰረዘበት ሰነድ እንደ አዲስ መውጣት አለበት። ፎቶግራፉም ወደ ገጹ ከመግባቱ በፊት በራሱ ፕሮግራም ተቆርጦ መቀመጥ ይኖርበታል።