በእጅ ለሚዘወር ብስክሌት የሚሆን ብረት

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ብረትና ስለ ብየዳ ነው።

አንድ ጎረቤት አሉን። ሁለቱም እግሮቻቸው የሰለሉት ገና በልጅነታቸው ነው። ያሰለላቸው ፖሊዮ የሚባለው በሽታ ነው። እጃቸው ግን ብርቱ ነው። ገመድ ይገምዳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የሚወጡት ልጃቸው በአህያ ጭኖ ሲያደርሳቸው ነው። ልጁን የእርሻ ሥራ ከያዘው ገመዱም እሳቸውም ቤት ይውላሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ወደ ከተማ ሄደን ሳለ በእጅ የሚዘወር ብስክሌት አየን። ሁለት ጎማ ከኋላ፣ አንድ ጎማ ከፊት አለው። ፔዳሉ ያለው ከእግር ሥር አይደለም፤ ከደረት ፊት ለፊት ነው። ሰውየው ፔዳሉን በእጁ ሲያዞር ካቴናው የፊቱን ጎማ ይነዳዋል። «ይህንንማ እኛም እናሠራለን» አልን። ገንዘብ አዋጣንና አሠራን። ግን የመጀመሪያው ተሰበረ። ለምን እንደ ተሰበረ ነው የምንነግራችሁ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በጀርመን አገር ስቴፋን ፋርፍለር የሚባል ሰዓት ሠሪ ነበር። መራመድ አይችልም ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1655 በእጁ እያዞረ የሚሄድበት ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ለራሱ ሠራ። ያን ጊዜ ብስክሌት የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም።

የእኛ ስሕተት የጀመረው ከብረቱ ነው። «ወፍራም ብረት ጠንካራ ነው» ብለን የ1 ኢንች የውሃ ቧንቧ ገዛን። በያጁን አልጠየቅንም። ብረቱን ተሸክመን ሄድንና «በል ይህን በይድልን» አልነው።

እስቲ ማስመሪያ አንሱ። በማስመሪያው ላይ ካሉት ትንንሽ መስመሮች ከአንዱ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ነው። የ1 ኢንች የውሃ ቧንቧ የግድግዳው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 1 ሜትሩ 2 ኪሎ ከግማሽ ገደማ ይመዝናል። እኛ 6 ሜትር ጨረስን። ጎማው፣ መቀመጫውና ካቴናው ሳይቆጠር ብረቱ ብቻ ከ14 ኪሎ በለጠ። ብስክሌት የሚነዳ ሰው የሚገፋው በጭኑ ነው። የክንድ ጉልበት ደግሞ ከጭን ጉልበት ያንሳል። ጎረቤታችን በሜዳ ላይ ሄዱ፤ ዳገት ላይ ግን ቆሙ። ልጃቸው ከኋላ ይገፋ ጀመር። ታዲያ ከአህያው በምን ተሻለ?

የብረት ጥንካሬ በውፍረት ብቻ አይደለም። ሸምበቆን አስቡ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ክብደትም የለውም። ግን ነፋስ ሲመታው ቶሎ አይሰበርም። ያንኑ ሸምበቆ ጨምቃችሁ ቀጭን ድፍን እንጨት ብታደርጉት ኖሮ ቶሎ ይጎብጥ ነበር። ቱቦም እንደዚሁ ነው። የግድግዳው ውፍረት ሳይለወጥ የቱቦው ስፋት እጥፍ ቢሆን ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። ላለመጉበጥ ያለው ኃይል ግን 8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ለቴላዮ የሚሻለው ሰፋ ያለ፣ ግድግዳው ግን መጠነኛ የሆነ ቱቦ ነው። ቴላዮ የምንለው ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚታሰርበትን የብስክሌቱን አጽም ነው።

ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ቱቦ 1 ሜትሩ 900 ግራም አይሞላም። 6 ሜትሩ 5 ኪሎ ከሩብ እንኳ አይደርስም። ከውሃ ቧንቧው ጋር አስተያዩት! ለመቀመጫውና ለጎኖቹ ይህ ይበቃል። ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ፊት ጎማ የሚሄደው ዋናው ቱቦ ግን ሰፋ ማለት አለበት። ስፋቱ 38 ወይም 40 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንመርጣለን። ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው በ6 ሜትር ቁመት ነው። ልኩን አስቀድማችሁ በወረቀት ላይ ጻፉ። መጻፍ ተምረን የለም እንዴ?

ክብ ይሁን ወይስ ባለ አራት ማዕዘን? ክብ ቱቦን ከክብ ቱቦ ጋር ለማገናኘት ጫፉ እንደ ዓሣ አፍ ተደርጎ በሞረድ መሞረድ አለበት። ካልተሞረደ መሐሉ ክፍት ይቀራል፤ በያጁም ክፍቱን በብየዳ ሊሞላ ይታገላል። ባለ አራት ማዕዘኑ ቱቦላሬ ግን በመጋዝ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጦ ይገጥማል። ክብደቱ ትንሽ ይጨምራል። ሆኖም እንደ እኛ በመንደር ለሚያሠራ ሰው ቱቦላሬው ይሻላል እንላለን።

አሁን ወደ ተሰበረው እንመለስ። የተሰበረው አንገቱ ላይ ነው። አንገት የምንለው የፊት ጎማው ከዋናው ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ነው። ጎማው ድንጋይ በመታ ቁጥር ምቱ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ጎረቤታችን ወደ ወንዙ ሲወርዱ አንገቱ ቀጭ አለ፤ እሳቸውም ወደቁ። ክንዳቸው ተላጠ። አጥንታቸው አልተጎዳም፤ ተመስገን ነው። ገደል አፍ ላይ ቢሆን ኖሮስ? እግር ያለው ሰው ዘሎ ያመልጣል። እሳቸው በምን ይዘላሉ?

የተሰበረውን ብየዳ ስናየው ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ዓይን በእንጀራ ላይ ያምራል። በብየዳ ውስጥ ግን የመሰበር ምልክት ነው።

ቀዳዳው ከምን መጣ? ከቧንቧው ነጭ ልባስ ነው። ቧንቧ እንዳይዝግ ዚንክ በሚባል ማዕድን ይለበጣል። ዚንክ በብየዳ እሳት ሲነካ ይተናል። ትነቱ በቀለጠው ብረት ውስጥ ሲያልፍ ቀዳዳ ይተዋል። ጭሱን የሳበ ሰውም ይታመማል። በያጁ ያን ዕለት ማታ ብርድ ብርድ ብሎት፣ አተኩሶት አደረ። እሱ ወባ መስሎት ነበር። እንዲህ ያለው ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ትንፋሽ ካጠረ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ወተት ከጠጡ ጭሱ አይጎዳም የሚሉ በያጆች አሉ። ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ ጭሱ የሚሄደው ወደ ሳንባ ነው። ልባሱን ከውጭ ፍቀን እናጥፋው ብትሉ፣ የቧንቧው ውስጡም ተለብጧል። ስለዚህ ለቴላዮ ያልተለበጠ ጥቁር ብረት ግዙ።

ጎረቤታችን በያጁ ዘንድ ሄደው ተቆጡ። በያጁ ወጣት ነው። አንገቱን ደፋና እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ ብረቱን ሳይገዙ ቢያማክሩኝ ኖሮ እነግርዎ ነበር።»

«አንተስ ልጄ፣ ብረቱን ስታየው ለምን ዝም አልክ?»

«ሥራው እንዳይቀርብኝ ብዬ ነዋ።»

ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን መከርን። መጀመሪያ ያየነው የብየዳ ማሽኑን ነው። ምክንያቱም ማሽኑ ሊበይደው የማይችለውን ቱቦ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

በወጣቱ ቤት ሁለት ማሽን አለ። አንዱ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ከባድ ትራንስፎርመር ነው። አይበላሽም፤ አቧራም አይፈራም። ግን የኤሌክትሪኩን ኃይል ከፍና ዝቅ ማድረጊያ የለውም። ለወፍራም በር ይሆናል፤ ቀጭን ቱቦን ግን ይበሳል። ሁለተኛው ኢንቨርተር የሚባለው አዲሱ ዓይነት ነው። 5 ኪሎ ያህል ነው የሚመዝነው፤ በትከሻ ይያዛል። ኃይሉን በቁጥር መምረጥ ይቻላል። አቧራና የብረት ብናኝ ግን ጠላቱ ነው። ለቱቦ የመረጥነው ይህንን ነው። ይህ ማሽን ስንሠራ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። ለአምፑል የተተከለ ትንሽ የፀሐይ ኃይል አያንቀሳቅሰውም። የመስመር መብራት በሌለበት ጀኔሬተር ያስፈልጋል። መብራት ባለበትም ማታ ሁሉም ሰው ሲያበራ ኃይሉ ይደክማል። እኛ ጠዋት ነው ያስበየድነው።

በማሽኑ ጫፍ ላይ የሚያዘው ዘንግ ኤሌክትሮድ ይባላል። እየቀለጠ ሁለቱን ብረት የሚያጣብቀው እሱ ነው። ማሸጊያው ላይ 6013 የሚል ቁጥር ያለበትን ፈልጉ። ለቀጭን ብረት የሚመች፣ ለጀማሪም የማያስቸግር ነው። ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይበቃዋል። አምፔር ከማሽኑ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ ነው። ቱቦው 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከዝቅተኛው ጀምሩ። የ2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከተገኘማ ይበልጥ ጥሩ ነው። ኤሌክትሮድ እርጥበት አይወድም። ክረምት ላይ በደንብ በሚከደን ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡት።

የአሮጌ ብስክሌት ቱቦ ርካሽ ነው፤ በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራን የመሰለ ቦታ ያገለገለ ብረት ሞልቷል። ግን የብዙ ብስክሌት ቱቦ ግድግዳው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሞከርነው፤ እንደ ወረቀት ተበሳ። እንዲህ ላለው የጋዝ ብየዳ ይሻላል። በጋዝ እሳት ብረቱን አግሎ፣ ብረቱ ሳይቀልጥ ነሐስ አቅልጦ ማጣበቅ ይቻላል። ነገር ግን ጋዙ አደገኛ ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው አይንካው። እኛ ከአሮጌው ብስክሌት የወሰድነው የፔዳሉን ቤትና የፊት ጎማውን መያዣ ነው። የፔዳሉን ቤት ስትቆርጡ ከነቱቦው አንድ ስንዝር አስተርፉለት፤ እሳቱ ጥርሱን እንዳያበላሽ። ኩሽኔታውንና ግሪሱንም አስቀድማችሁ አውጡ።

ከመበየዱ በፊት ወጣቱ ሁለት ቁራጭ ቱቦ በየደና በሞርሳ አስሮ በመዶሻ መታው። ቱቦው ጎበጠ፤ ብየዳው ግን አልለቀቀም። «አሁን ይሆናል» አለ። ብየዳው ቀድሞ ቢለቅ ኖሮ እንደገና ይሞክር ነበር። ይህን ፈተና ሳታዩ ቴላዮውን አታስጀምሩ።

ከዚያ ማዕዘኑን ሁሉ በነጠብጣብ ብቻ ያዘው። ከጥግ እስከ ጥግ በሲባጎ ለካን። ሁለቱ ልኮች እኩል ሲሆኑ ነው መበየድ የጀመረው። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው አልሄደም፤ እያፈራረቀ ነው የበየደው። ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ በአንድ በኩል ብቻ ከተበየደ ይጣመማል። ሁለት ጫፉ የሚዘጋውን ቱቦ ደግሞ በትንሹ ቀደደው፤ የጋለው አየር መውጫ እንዲያገኝ ነው። በአንገቱ ግራና ቀኝ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ባለ ሦስት ማዕዘን ላሜራ ጨመረበት።

ልጆች ብየዳ ማየት ይወዳሉ። አባርሯቸው። የብየዳ ብርሃን ዓይንን ያቃጥላል። ሕመሙ የሚመጣው ሰዓታት ቆይቶ ነው፤ ሌሊት ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ይቆረቁራል። የፀሐይ መነጽር አይበቃም። 10 ወይም 11 ቁጥር ጥቁር መስታወት ያለው የበያጅ ጭምብል ያስፈልጋል።

ብየዳው ሲያልቅ ቅርፊቱ ተፋቀ፤ ፀረ ዝገት ቀለምም ተቀባ። ጎረቤታችን አሁን ከቤት ከመውጣታቸው በፊት አንገቱን በጨርቅ ጠርገው ያያሉ። ፀጉር የመሰለች መስመር ካዩ አይነዱትም፤ ወደ በያጁ ይልኩታል። እስካሁን አላዩም። ባለፈው ቅዳሜ ዳገቱን ቀስ እያሉ ሲወጡ አየናቸው። አህያዋ ገመዱን ብቻ ተሸክማ ከኋላቸው ትከተላለች።