የመክላረን ኤፍ ዋን አውቶሞቢል የውጭ መልክና የውስጥ አሠራር፤ ከንግድ አንጻር ሲታይ

አንድ ዕቃ ለገበያ በሚቀርብበት ጊዜ ገዢው በመጀመሪያ የሚያየው መልኩን ነው። ቀጥሎ በእጁ ይዳስሰዋል፤ ከዚያም በኋላ ዋጋውን ይጠይቃል። ገዝቶ ወደ ቤቱ ከወሰደው በኋላ ግን ስለ ዕቃው የሚፈርደው በውስጡ አሠራር ነው። የውጩ መልክና የውስጡ አሠራር በአንድ ሐሳብ የተሠሩ ዕቃዎች በገበያ ላይ ብዙ አይደሉም። ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዷ በእንግሊዝ አገር ዎኪንግ በተባለችው ከተማ የተሠራችው መክላረን ኤፍ ዋን የተባለችው ፈጣን አውቶሞቢል ናት። የዚህች መኪና ታሪክ ለመሐንዲስና ለመካኒክ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ምንም ወጪ ሳይቈጠብለት የተሠራ ዕቃ ገዢ ያገኛል ወይስ አያገኝም የሚለው የቆየ ጥያቄ በገንዘብ የተፈተነበት ስለ ሆነ፤ ዕቃ ለሚያስመጣም፤ ወደ ውጭ ለሚልክም፤ በሱቅ ለሚቸረችርም ነጋዴ ትምህርት አለው።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የመክላረን የእሽቅድምድም ቡድን በዚያ ዓመት ከተደረጉት 16 የፎርሙላ ዋን ውድድሮች 15ቱን ሲያሸንፍ፤ ድል ያመለጠው በኢጣልያ በተደረገው ውድድር ብቻ ነበር። ከዚያው ውድድር ሲመለሱ የኩባንያው ሹማምንት በሚላኖ አይሮፕላን ማረፊያ ተቀምጠው አይሮፕላን ሲጠብቁ፤ በመንገድ ላይ ከሚነዱት መኪናዎች ሁሉ የምትበልጥ አንዲት አውቶሞቢል ስለ መሥራት ተነጋገሩ። ሥራውም በ1946 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፤ ደርባን ከተማ ለተወለደው ለመሐንዲሱ ለጎርደን ሙሬይ ተሰጠ። የውጭውን መልክና የውስጡን ክፍል ቅርጽ የነደፈው ደግሞ ፒተር ስቲቨንስ ነበር።

ሙሬይ ከሁሉ አስቀድሞ የያዘው መመሪያ ክብደትን መቀነስ ነው። የመኪናይቱ አካል የተሠራው እንደ ጨርቅ ተሸምኖ በሙጫ ከሚጠነክረው ከካርቦን ክር ነው። ይህ ማቴሪያል ከብረት እጅግ የቀለለ ሲሆን ጥንካሬው ግን የሚያስደንቅ ነው። ስለዚህ መኪናይቱ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ተሸክማ ሳለ ጠቅላላ ክብደቷ 1,138 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ሆነ። ርዝመቷ 4 ሜትር ከ29 ሳንቲ ሜትር ግድም፤ ከፍታዋም 1 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር ነው።

የውጭ መልኳ ጌጥ የበዛበት አይደለም። በዘመኑ እንደ ነበሩት ብዙ ፈጣን መኪናዎች በኋላዋ ላይ ትልቅ ክንፍ አልተተከለባትም። መኪናይቱን ከመሬት ጋር አጣብቆ የሚይዛት ከሆድዋ ሥር የሚያልፈው አየር ሲሆን፤ ይህንንም ሥራ በኋላ በኩል የተሰወሩ ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያዎች ያግዛሉ። ነጂው ፍሬን በኃይል በሚይዝበት ጊዜ ከኋላ አንዲት አነስተኛ ክንፍ ብድግ ትላለች፤ መኪናይቱም ሚዛኗን እንደ ጠበቀች ትቆማለች። በሮቿ ወደ ላይና ወደ ፊት እየተነሡ ይከፈታሉ። የዚህ የበር አከፋፈት ሐሳብ የተገኘው በጃፓን ትሸጥ ከነበረችው፤ ዋጋዋ መጠነኛ ከሆነው ቶዮታ ሴራ ከተባለች ትንሽ መኪና መሆኑ ሊስተዋል የሚገባው ነው። ጥሩ ሐሳብ ከውድ ዕቃ ብቻ አይገኝምና።

ሞተሩን የሠራው በጀርመን አገር የሙኒኩ የቢ ኤም ደብልዩ ኩባንያ ሲሆን፤ የሥራው መሪ ፓውል ሮሸ ነበር። ሞተሩ 6.1 ሊትር ይዘትና 627 የፈረስ ጉልበት አለው። ሲሠራ የሚያወጣው ሙቀት ብርቱ ስለ ሆነ በሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ስስ የወርቅ ቅጠል ተለጠፈበት። ይህም ለታይታ ተብሎ የተደረገ አይደለም፤ ወርቅ ሙቀትን መልሶ የመግፋት ጠባይ ስላለው ነው እንጂ። ወርቁ ከክዳኑ ሥር ተሰውሮ ሥራውን ይሠራል።

የውስጡ ክፍል ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። መቀመጫዎቹ ሦስት ሲሆኑ ነጂው የሚቀመጠው በመካከል ነው። ሁለቱ ተሳፋሪዎች በግራና በቀኝ፤ ከነጂው ጥቂት ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ይቀመጣሉ። ነጂው መንገዱን በሁለቱም ወገን እኩል ያያል፤ እግሩም ወደ ጎን ሳይጣመም ቀጥ ብሎ ፍሬኑንና ነዳጅ መስጫውን ይረግጣል። አስመጪና ላኪ ነጋዴ ደግሞ ሌላ ጥቅም ያይበታል። በቀኝ ለሚነዳ አገርና በግራ ለሚነዳ አገር የመሪውን ቦታ እየለዋወጡ ሁለት ዐይነት መኪና መሥራት አላስፈለገም፤ አንዲቱ አሠራር ለሁሉም ገበያ በቃች።

የነጂው መቀመጫና የእግር መርገጫዎቹ ልብስ ሰፊ ልብስ እንደሚለካ በገዢው ቁመና ልክ ተለክተው ይሠሩ ነበር። ከኋላ ጎማዎች ፊት ለፊት በግራና በቀኝ በተሰወሩት የዕቃ ማስቀመጫዎች ልክ ሆነው የተሰፉ የቆዳ ሻንጣዎችም አብረው ይሰጣሉ። የመፍቻዎቹ ዕቃዎች እንኳ ክብደት እንዳይጨምሩ ቲታኒየም ከተባለው ቀላል ብረት የተሠሩ ናቸው። የሙዚቃ መሣሪያ ተደረገላት፤ ሬዲዮ ግን አልገባባትም። መሪውን የሚያቀልና ፍሬኑን የሚያግዝ መሣሪያም የለባትም፤ ሁሉ ለነጂው ችሎታ ተትቷል። አንዲቱን መኪና ሠርቶ ለመጨረስ ሦስት ወር ተኩል ያህል ይፈጅ ነበር።

በሥራው በኩል የመኪናይቱ መልካምነት በፍጥነት ተመሰከረ። በ1995 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሌ ማን ከተማ በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ለእሽቅድምድም የተሰናዳችው ዐይነት አንደኛ ወጣች። በመጋቢት ወር 1998 ዓ.ም. ደግሞ አንዲት ኤፍ ዋን በጀርመን አገር በሰዓት 386.4 ኪሎ ሜትር ሮጠች።

ገበያው ግን እንዲህ ፈጥኖ አልመሰከረላትም። በ1992 ዓ.ም. በሞናኮ ለሕዝብ በታየች ጊዜ እስከ 300 መኪናዎች ለመሸጥ ታስቦ ነበር። ዋጋዋ 540,000 የእንግሊዝ ፓውንድ ያህል ሲሆን፤ ጊዜው በብዙ አገሮች ንግድ የቀዘቀዘበት ነበር። በ1998 ዓ.ም. ሥራው ሲቆም የተሠሩት ሁሉ፤ የሙከራና የእሽቅድምድም መኪናዎች ጭምር፤ 106 ብቻ ነበሩ። ከነዚህም ለመንገድ የተዘጋጁት መደበኛ መኪናዎች 64 ናቸው። በዚያ ሰዓት መዝገቡን ገልጦ ያየ ሒሳብ ዐዋቂ ነገሩን እንደ ድካም ቢቈጥረው አያስፈርድበትም።

ይሁን እንጂ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፤ ዓመታት ባለፉ ቁጥር የመኪናይቱ ዋጋ ከፍ እያለ ሄደ። በነሐሴ ወር 2021 ዓ.ም. ከ400 ኪሎ ሜትር በታች የተነዳች አንዲት ኤፍ ዋን በአሜሪካ፤ በካሊፎርኒያ፤ በሐራጅ 20,465,000 ዶላር ተሸጠች። ኩባንያው በ2018 ዓ.ም. ስፒድቴል የተባለችውን ባለ ሦስት መቀመጫ መኪና ሲያወጣ የሚሠራውን ቍጥር በ106 ወሰነ። በፊት የሽያጭ ማነስ ምልክት የነበረው ቍጥር የክብር ምልክት ሆነ ማለት ነው። ሙሬይም በበኩሉ በ2020 ዓ.ም. ነጂውን በመካከል የምታስቀምጥ፤ ከኋላዋ ማራገቢያ ያላት ቲ 50 የተባለች ሌላ መኪና አሳይቷል።

ነጋዴ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛው፤ በማይታየው ክፍል ሳይቀር በቅንነት የተሠራ ዕቃ ክብሩ ቢዘገይም አይቀርም። ሁለተኛው ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ በሐራጅ የተገኘው ብዙ ሚሊዮን ዶላር የገባው ገዝቶ በትዕግሥት ላስቀመጠው ሰው እጅ እንጂ ለሠሪው ሣጥን አይደለም። የዕቃን ጥራት ማወቅ አንድ ሙያ ነው፤ ገበያው ያን ጥራት ተቀብሎ እስኪከፍልበት ድረስ የሚያቆይ ገንዘብ መያዝ ሌላ ሙያ ነው። ሁለቱን አስተባብሮ የያዘ ነጋዴ ከሁለቱም ይጠቀማል።