ውሃውን ከየት ትዘጉታላችሁ? በማንስ ላይ?

ፍኖተ ሰላም፣ አክስቴ ቤት ነን። ወሩ ረመዷን ነው፤ መግሪብ ሊገባ አንድ ሰዓት እንኳ አልቀረውም። ሾርባው እሳት ላይ ነው፤ ሳምቡሳው ተጠቅልሎ ዘይቱ እስኪግል ይጠብቃል። ድንገት ከጓዳው በኩል የዝናብ ያህል ድምፅ ተሰማ። በግድግዳው ሥር የሚያልፈው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ተላቆ ውሃው ወደ ጣሪያ ይረጫል። የአክስቴ ልጅ በጨርቅ አፍኖ ሊይዘው ታገለ፤ አልሆነለትም። ሁሉም «ዝጉት! ዝጉት!» ይላል። «ከየት ነው የሚዘጋው?» ለሚለው ግን መልስ ያለው ሰው ጠፋ። የቤቱ አባወራ ለመንገድ ወጥተው ነበር።

ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ናቸው። ምንም ሳይናገሩ ወደ አጥሩ ጥግ ሄዱ፤ የቆጣሪውን ጉድጓድ የሸፈነውን ቆርቆሮ አነሡ፤ እጃቸውን ሰድደው መዝጊያውን አዞሩት። ውሃው ቆመ። «ቧንቧው ሲገባ ቆሜ አይቼ ነበር እኮ» አሉ እየሣቁ። አክስቴ ግን መሣቅ አልቻለችም። ጓዳው ውስጥ የነበረው ሁለት ኩንታል ጤፍ ከሥሩ ርሶ ነበር። ፀሐይ ላይ ቢሰጣም ከፊሉ ሻገተ።

ውድ አንባቢያን፣ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ቤተሰብ ውሃው ከየት እንደሚከፈት እንጂ ከየት እንደሚዘጋ አያውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ «ውሃ መዝጋት» የሚለውን ነገር ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ባየሁት መጠን ውሃ የሚዘጋው በሦስት መንገድ ነው፦ ቤትን ለማዳን፣ ለሁሉም እንዲዳረስ በተራ፣ እና ሰውን ለመጉዳት። ሦስቱም በአንድ ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ ይፈጸማሉ። ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ቤትን ለማዳን መዝጋት

የመጀመሪያው እውቀት ነው፤ ከአባወራ እስከ ልጅ ሁሉም ሊያውቀው ይገባል። ውሃ ወደ ግቢያችን የሚገባው በቆጣሪ በኩል ነው። ከቆጣሪው በፊት ያለው የአገልግሎት ሰጪው መሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ አይነካም። ከቆጣሪው ወዲህ፣ ወደ ቤቱ አቅጣጫ ያለው መዝጊያ ግን የቤቱ ነው። ከሌለ በባለሙያ ማስገባት ይሻላል። ዋጋው ከአንድ ኩንታል ጤፍ ጋር አይወዳደርም።

መዝጊያው ክብ እጀታ ያለው ከሆነ በሰዓት አዙሪት አቅጣጫ ደጋግሞ በማዞር ይዘጋል። ዘንግ የመሰለ እጀታ ያለው ከሆነ ደግሞ ሩብ ዙር ብቻ ይበቃዋል፤ እጀታው ከቧንቧው ጋር ሲተኛ ክፍት፣ ቧንቧውን ሲያቋርጥ ዝግ ነው። ለዓመታት ሳይነካ የኖረ መዝጊያ ይዝጋል፤ በጭንቅ ሰዓት በጉልበት ሲያዞሩት ይሰበራል። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ አንድ ጊዜ ዘግቶ መክፈት ጥሩ ልማድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ከፍ ካለ ቦታ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ያለው ቤት የቆጣሪውን መዝጊያ ቢዘጋም ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ መውረዱን አያቆምም። የሮቶውን መውጫም መዝጋት ያስፈልጋል። ውሃው ወደ ማከፋፈያ ወይም ወደ ምጣዱ ሶኬት ከተጠጋ፣ ወደ ረጠበው ክፍል ከመግባት በፊት መብራቱን ከዋናው ማጥፋት ይቀድማል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ከተሞቻችን ሌላም አደጋ አለ። ቧንቧውን ከፍተን «የለም» ብለን ሳንዘጋ እንሄዳለን። ሌሊት ውሃው ሲመጣ ቤቱ ኩሬ ይሆናል፤ ቆጣሪውም ሲሮጥ ያድራል። ውሃው ሲመለስ መዝጊያውን ቀስ ብሎ መክፈት፣ ቀድሞ የሚወርደውን ደፍራሽ ውሃ በባልዲ ተቀብሎ ለወለል ማጠቢያ ማዋል ብልህነት ነው።

ቆጣሪያችሁ ያለ ምክንያት የበዛ ከመሰላችሁ ደግሞ ማታ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘግታችሁ ተመልከቱት። ከዞረ ውሃው የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በአንድ ቀን 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ይሞላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ ያደርጉበት የነበረው አንድ ሙድ ውሃ ሁለት እጆች ተገጥመው የሚዘግኑትን ያህል፣ ከአንድ ሊትር በታች ነው። ልኩን ስናነጻጽረው በጠብታ የሚባክነው ስንት ሰው ውዱእ እንደሚያስደርግ እናስተውላለን።

በተራ መዝጋት

ከከተማው ወጣ ስንል ሁለተኛውን እናገኛለን። በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ ወንዝ ጠልፎ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ውሃ መዝጋትን ከአባቱ የተማረው ነው። ተራው ሲደርስ ቦዩን ወደ ማሳው ይከፍታል፤ ሲያበቃ በጓልና በሣር ደፍኖ ለቀጣዩ ይለቃል። ተራውን የሚጠብቅ፣ ጠብ ሲነሣ የሚዳኝ በገበሬዎቹ የተመረጠ ሰው አለ፤ «የውሃ አባት» ይሉታል። ስሙ ራሱ ትምህርት ነው። ጌታ አላሉትም፤ ባለቤትም አላሉትም። አባት አሉት። አባት ለልጆቹ ያካፍላል እንጂ አንዱን አጠጥቶ ሌላውን አያስጠማም።

የመጠጥ ውሃውም እንዲሁ ነው። በእጅ የሚሠራ ፓምፕ የተተከለበት መንደር ኮሚቴ ይመርጣል፤ ዙሪያው ይታጠራል፤ ጠዋትና ማታ ይከፈታል፤ በቀረው ሰዓት ይቆለፋል። ያ ቁልፍ ፓምፑ እንዳይሰበር፣ ከብት እንዳያበላሸው፣ የኋለኛው ሰው ባዶ እንዳይመለስ የተደረገ ነው። ሁሉም የተስማማበት፣ በሁሉም ላይ እኩል የሚዘጋ ቁልፍ ማንንም አይበድልም።

ሰውን ለመጉዳት መዝጋት

ሦስተኛው የሚያሳፍረው ነው። ቡሬ ከተማ የሚኖር አንድ ወዳጄ፣ መምህር ነው፣ ከባለቤቱና ከጨቅላ ልጃቸው ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ነበር። አከራዩ ኪራይ መጨመር ፈለጉ። እርሱም የተስማማንበት ጊዜ ይድረስ አለ። በነጋታው ጠዋት የግቢው ቧንቧ በሰንሰለት ተጠፍሮ ቁልፍ ገብቶበታል። አከራዩ ጀመዓ ሶላት የማያመልጣቸው ሰው ናቸው። ለፈጅር ከዚያው ቧንቧ ውዱእ አድርገው፣ ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ወደ መስጊድ ይሄዳሉ።

የሕፃን ጨርቅ የሚታጠብበት፣ ጡጦ የሚፈላበት ውሃ ከሌላ ሰፈር በጀሪካን እየተገዛ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ወዳጄ ሲነግረኝ ከሁሉ የማይረሳው የመጨረሻውን ቀን አይደለም። ከመሸ በኋላ የአከራዩ ባለቤት በጓሮ በኩል ሁለት ጀሪካን እየሞሉ በራፋቸው ላይ ያስቀምጡላቸው ነበር። አንድም ቀን ስለዚያ ነገር አንስተው አያውቁም። በአሥረኛው ቀን ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ወጣ። አከራዩ አሸነፉ ማለት ነው? መልሱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ነገሩን ፍትሐዊ ሆነን እንየው። ድርሻውን ሳይከፍል ወር ከወር የሚያልፍ ተከራይም አለ፤ የውሃ ክፍያ ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ አማና ነው። ብዙ ጊዜ ግን የጠቡ ሥር አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤተሰብ መሆኑ ነው። በብዙ ከተሞቻችን የውሃ ታሪፍ በደረጃ የሚያድግ ነው፤ አጠቃቀሙ በበዛ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋ ይጨምራል። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም ወደ ውዱ ደረጃ ይገባሉ። አከራይ ተከራይን፣ ተከራይ አከራይን ይጠረጥራል። በዚህ መካከል ሰይጣን የሚገባበት ቀዳዳ ሰፊ ነው።

ከታሪካችን

ወደ መዲና እንመለስ። ሙሃጂሮች መዲና ሲገቡ ጣፋጭ ውሃ ብርቅ ነበር። ሩማ የሚባል ጉድጓድ ነበረ፤ ውሃው ግን በገንዘብ የሚሸጥ ነበር። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማበረታቻ ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) ጉድጓዱን ገዝተው ለሙስሊሞች ሁሉ ወቅፍ አደረጉት። ሀብታሙም ድሃውም መንገደኛውም እኩል ይቀዳ ጀመር።

ዓመታት አለፉ። በ35ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ656) ዓመፀኞች የኸሊፋውን የዑስማንን ቤት ከበቡ። ካደረጉትም ነገር አንዱ ውሃ መከልከል ነበር። ዑስማን (ረ.ዐ.) ከቤታቸው ላይ ሆነው ያንን ጉድጓድ በገዛ ገንዘባቸው ለሕዝቡ መግዛታቸውን፣ ዛሬ ግን ከዚያው ውሃ መከልከላቸውን ለከበቧቸው አስታወሱ። የሰሙት እውነት መሆኑን አመኑ፤ ነገር ግን አልለቀቋቸውም። በ61ኛው ዓመተ ሒጅራ ደግሞ በከርበላ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የልጅ ልጅ ሑሰይን (ረ.ዐ.) ከነቤተሰባቸው የኤፍራጥስን ውሃ እያዩ ተጠሙ። ከዚያ ወዲህ ስንት መቶ ዓመት አለፈ፤ የሙስሊም ልብ ግን ያንን ጥም አልረሳውም። ውሃ መከልከል እንዲህ ያለ ጠባሳ ይተዋል።

በሐዲስ ውስጥም በመንገድ ዳር ትርፍ ውሃ ኖሮት መንገደኛን የከለከለ ሰው በቂያማ ቀን ከአላህ (ሱ.ወ.) እይታ ከሚርቁት መካከል ተቆጥሯል። ድመት ዘግታ ሳታበላትና ሳታጠጣት የገደለቻት ሴትም፣ በተቃራኒው በጫማው ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣው ሰውም ተነግረውናል። ለእንስሳ ይህ ከሆነ በገዛ ግቢያችን ላለ ሕፃንስ?

ሕጉስ?

የሀገራችን ሕግም ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ኢትዮጵያውያን ሁሉ ንጹሕ ውሃ እንዲያገኙ ፖሊሲዎች እንዲያልሙ ያዛል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ ከውሃ አጠቃቀሞች ሁሉ ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተግባራዊ በሆነባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያስገድዳል።

በሌላው ዓለምም ጥያቄው አከራክሯል። በእንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሕግ የውሃ ኩባንያዎች ስላልተከፈለ ሂሳብ ብለው የመኖሪያ ቤትን ውሃ እንዳይዘጉ ከልክሏል፤ ዕዳው ይጠየቃል፣ ውሃው ግን አይቋረጥም። በአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ ግን በ2014 በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ባልተከፈለ ሂሳብ ምክንያት ውሃ ተቋርጦባቸው የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ድርጊቱን ነቅፈውታል። የድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ ከዚያ ቀደም ብሎ ሐምሌ 2010 ላይ ንጹሕ ውሃን የሰው ልጅ መብት አድርጎ እውቅና ሰጥቶ ነበር።

በየቤታችን

እህቶችና ወንድሞች፣ ታዲያ ምን እናድርግ? ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ መዝጊያውን አሳዩአቸው፤ እያንዳንዳቸው በገዛ እጃቸው ይዝጉ፣ ይክፈቱ። አከራይ ከሆናችሁ የውሃው ድርሻ በሰው ቁጥር ይሁን በቤት ከውሉ ላይ ጻፉት፤ ደረሰኙንም ለተከራዩ አሳዩት። ከተቻለ ለየቤቱ የውስጥ ቆጣሪ አስገቡ። ተከራይ ከሆናችሁ ድርሻችሁን በቀኑ ክፈሉ። ብትጣሉ ሽማግሌ አለ፤ ቀበሌ አለ፤ ፍርድ ቤት አለ። በኪራይ የተነሣ ጠብ በኪራይ ይለቅ፤ ቧንቧው መሣሪያ አይሁን። ወጣቶች፣ በሰፈራችሁ በቧንቧ ላይ ሰንሰለት ካያችሁ «የሰው ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ ቢያንስ አንድ ጀሪካን ይዛችሁ ያንን በር አንኳኩ።

አክስቴ ቤት አሁን የቆጣሪው ጉድጓድ ክዳን ቀይ ቀለም ተቀብቷል። የሰባት ዓመቱ ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት የጎረቤታችን ቧንቧ ሲፈነዳ ሮጦ የዘጋላቸው እርሱ ነው። ያኔ ለእኛ የዘጉልን እኒያው እናት ናቸው። ባለ ዕዳነታችንን በዚያ ቀን በጥቂቱ ከፈልን።

አላህ (ሱ.ወ.) እጃችንን ለማዳን የሚዘጋ፣ ለማጠጣት የሚከፍት ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።