ሴራሚኩ የሚተኛበት ወለል

ቡኢ ከጢያ አልፎ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ የሶዶ ወረዳ ከተማ ናት። እንደ ሌላው የጉራጌ አገር ሁሉ እሷም ቤቷን የምታድሰው ለመስቀል ነው፤ አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ሲገቡ ቤቱ ተለስኖ ይጠብቃቸዋል። ዱሮ ወለሉ በእበት ይለቀለቅ ነበር። ኋላ ሊሾ መጣ፣ አሁን ደግሞ ሴራሚክ። ብዙ ጊዜ ግን ቤቱ ያው የጥንቱ ነው፦ የባሕር ዛፍ ቋሚ የተተከለበት፣ በማገር ታስሮ ጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ።

ሴራሚክ ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲያጎብጡት ደካማ ነው። ከሥሩ ሙሉ ለሙሉ ከተደገፈ ቁም ሳጥን አይበግረውም። ቸኩሎ የሚሠራ ግንበኛ ግን ማልታውን መሃል ላይ ጣል አድርጎ ሴራሚኩን ይጫንበታል፤ አራቱ ማዕዘን ባዶ ይቀራል። ሙቀጫው እዚያ ማዕዘን ላይ ተቀምጦ ቡና ሲወቀጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ስንጥቁ ይታያል። ሰው ሴራሚኩን ይረግማል እንጂ ሥሩን አያይም።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው አሮጌውን ሊሾ ከመመርመር ነው። ወለሉን ከዳር እስከ ዳር በዱላ ጫፍ እየመቱ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ ድምፁ ባዶ የሚልበት ቦታ ከታች ለቋል ማለት ነው። ስንጥቁም ይለያያል። እንደ ፀጉር የቀጠነና ሁለቱ ወገን እኩል የቆመ ከሆነ አያሰጋም። አንዱ ወገን ከሌላው ዝቅ ካለ ግን መሬቱ ሰምጧል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዳር ዳሩን በፕላስተር ወለሉ ላይ አጣብቆ ለአንድ ቀንና ሌሊት መተውም ጥሩ ነው፤ ከሥሩ ውሃ ካላበ እርጥበት ከመሬት እየወጣ ነው።

ሊሾው ደህና ሆኖ ከተገኘ ማፍረስ አያስፈልግም። ልስላሴው ግን ማልታ አያስይዝምና ወፍጮ እንደሚወቀር ጥቅጥቅ ተደርጎ ይወቀራል፣ ይጠረጋል፣ በውሃ ይርሳል፣ ቦያካ (በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ) ይፈስበታል፤ ማልታው የሚከተለው ቦያካው ሳይደርቅ ነው። ተራ ሴራሚክ ደግሞ ውሃ ውስጥ ቆይቶ መውጣት አለበት፤ ደርቆ ከተነጠፈ የማልታውን ውሃ ይጠጣዋል። ፖርስሊን ይህ አያስፈልገውም።

ሊሾው ከሞተ ነገሩ ይከብዳል። የተለመደው አሠራር 25 ሳንቲሜትር ሃርድኮር፣ 10 ሳንቲሜትር ኮንክሪት፣ በላዩ 3 ሳንቲሜትር ማልታና ሴራሚኩ ነው፤ ሲደመር 40 ሳንቲሜትር ግድም። ይህ ከፍታ ከየት ይመጣል? ወደ ላይ ከተኬደ በሩ ያጥራል፣ ገቢው ሁሉ ጉበን ይገጫል። ወደ ታች ከተቆፈረ የቋሚዎቹ እግር ይራቆታል። ጭቃ ቤት የቆመው ደግሞ በዚያ እግር ነው። ከሁለቱ ይልቅ የሚያዋጣው ብዙውን ጊዜ መካከለኛው መንገድ ይመስለኛል፦ ሃርድኮሩን ወደ 15 ሳንቲሜትር መቀነስ፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ባለ 6 ፌሮ በየ20 ሳንቲሜትሩ አስሮ ማስገባት፣ ቁፋሮውንም ከግድግዳው ሥር አርቆ መሃል ላይ ብቻ ማውረድ። ለእርጥበቱ ቀይ ገረጋንቲ ይረዳል። ከቡታጅራ እስከ ስልጤ ያለው አካባቢ የጥንት እሳተ ገሞራ ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ሐረ ሸይጣን ሐይቅም የተኛው እንዲህ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ገረጋንቲው የዚያ ፍንዳታ ፍርፋሪ ስለሆነ ውስጡ ባዶ ባዶ ነው፤ የመሬቱ ውሃ ተስቦበት ወደ ላይ ለመውጣት ይቸገራል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። የአፈር ወለል ይተነፍሳል፤ ኮንክሪትና ሴራሚክ አይተነፍሱም። የታፈነው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ወደ ዳር ይሄድና ግድግዳው ሥር ይወጣል፤ የባሕር ዛፉ ቋሚ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። ስለዚህ ኮንክሪቱ ከግድግዳው ጋር መጣበቅ የለበትም። ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ክፍተት ተትቶ በአሸዋ ይሞላል፣ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ከውጭም የቆርቆሮው ጠፈጠፍ ግድግዳው ሥር እንዳይጠራቀም ቦይ ይቆፈርለታል። እንዲያውም ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቦዩ ይቅደም ባይ ነኝ።

አዲስ አበባ አራዳ አካባቢ ባሉ አሮጌ ቤቶች ችግሩ ሌላ ነው፤ ወለሉ ጣውላ ነው። 3 ሳንቲሜትር ማልታ ብቻውን በካሬ 60 ኪሎ ይመዝናል። በመሐንዲሶች ልማድ ሴራሚክ የሚሸከም የእንጨት ወለል ከርዝመቱ አንድ 360ኛ በላይ መጉበጥ የለበትም፤ ለ3.6 ሜትር ክፍል ይህ 1 ሳንቲሜትር ነው። ሲራመዱበት የሚወዛወዝ ከሆነ ከሥሩ ሞራሌ ይጨመራል፣ ከላይ ወፍራም ኮምፔንሳቶ በብሎን ይታሰራል፣ በማልታ ፈንታም ስስ የሴራሚክ ማጣበቂያ ይመረጣል።

ወደ ቡኢ ስንመለስ፣ ትልቁ ጣጣ ሥራውን ወደ ክረምት የሚገፋው የመስቀል ቀጠሮ ነው። ቤቱ ዋልካ አፈር ላይ ከሆነ መሬቱ በነሐሴ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጥር ይኮማተራል። ነሐሴ ላይ የፈሰሰ ኮንክሪት የሚተኛው ባበጠ መሬት ላይ ነው፤ በበጋ አፈሩ ሲሸሽ ሥሩ ባዶ ይቀራል። ለበዓሉ ግድግዳው ይለሰን፣ ሊሾው ይጠገን፤ ኮንክሪቱ ኅዳር ካለፈ በኋላ ይፍሰስ፣ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ሲሚንቶውን ግን ከበዓሉ በፊት ገዝቶ ማስቀመጥ አያዋጣም፤ 3 ወር ከተቀመጠ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ እርጥበት ካገኘው ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል።