የአበባ ጀርባ፦ የዕፅዋት የቅርብ ፎቶ በጉለሌ

በመስከረም ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ስልኩን አደይ አበባ ላይ ሳይደግን የሚያልፍ ሰው ጥቂት ነው። ፎቶዎቹ ከእንኳን አደረሳችሁ ጋር በየስልኩ ይዞራሉ። አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ፤ ቢጫ ክብ ፊት ለፊት፣ ከኋላው ሰማይ ወይም የደበዘዘ አረንጓዴ። ለበዓል መልእክት ይበቃል። አበባው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን አይበቃም፤ አደይ አበባ የምንለው ባይደንስ ከተባለው ወገን የሆኑ ከአንድ በላይ ዝርያዎችን ነውና። የዕፅዋት ባለሙያ እነዚህን ለመለየት የቅጠሉን አከፋፈል፣ አበባውን ከጀርባ የሚደግፉትን ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠሎችና አበባው ከረገፈ በኋላ የሚቀረውን ደረቅ ፍሬ ይመለከታል። እነዚህ ደግሞ ፎቶ አንሺው ትቷቸው የሚሄዳቸው ናቸው።

ቦታው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ጉለሌ ከከተማው ጫጫታ ተነስቶ ወደ እንጦጦ ተራሮች ይወጣል። ከ700 ሄክታር በላይ የሚሸፍነውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማ አስተዳደሩ ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በባህር ዛፍ ተሸፍኖ በቆየ መሬት ላይ አገር በቀል ዛፎችን መልሶ እያለማ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ደግሞ ብዙ የከተማ ሰው ተራራውን እንዲረግጥ አድርጓል። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ አስታ፣ አምጃ፣ ቀጋ በአጭር መንገድ የሚገኙበት ሌላ የአዲስ አበባ ጥግ አይታየኝም።

የአገራችን የፎቶ ታሪክ ግን የሰው ፊት ታሪክ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ያነሱት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው፣ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶ አንሺ ሽመልስ ደስታ የሚታወቁት ባነሷቸው ሰዎች ነው። በየስቱዲዮው አበባ ከነበረም ከተነሺው ኋላ በተሰቀለው ጨርቅ ላይ የተሣለው ነበር። ዓይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የአገሩን ፎቶግራፍ ለዓለም አደባባይ ካበቁት አንዱ ነው፤ እዚያም ቢሆን ሰውና ኑሮው ይበዛል።

ዕፅዋትን በቅርብ የማየት ልማድ የመጣው በሌላ በር፣ በሥዕል በኩል ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ሲገባ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ኮሶን የመሳሰሉ ዕፅዋትን ክፍል በክፍል እየነጠለ የሣለው እሱ ነው፤ አገሩ ሳይመለስ እዚሁ ሞተ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትግራይ ውስጥ አሥርተ ዓመታት የኖረው ጀርመናዊው ሺምፐር ደግሞ ሥዕል ሳይሆን የደረቀ ናሙና እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። የጦስኛችን ሳይንሳዊ ስም ዛሬም የእሱን ስም ይዟል።

ትልቁ ሥራ የተሠራው ግን በእኛ ዘመን ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጻሕፍት ዝግጅት በአዲስ አበባና በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቀቀ። 6,000 ገደማ ዕፅዋት ተመዝግበውበታል፤ አሥር በመቶ ያህሉ ከዚህ ምድር ውጭ አይበቅሉም። አደይ አበባ የሚገኝበትን ቤተሰብ የያዘውን ክፍል የጻፉት መስፍን ታደሰ ናቸው። ሥራውን ለፍጻሜ ካበቁት መካከል ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ይገኙበታል፤ የጉለሌውን ማዕከልም መርተዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዙ ኪው የዕፅዋት ተቋም ዓለም አቀፍ ሜዳልያ ተሸልመዋል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ምስል በጥቁር መስመር የተሣለ ነው። አንድ ገጽ ላይ ቅርንጫፉ፣ የተሰነጠቀው አበባ፣ ፍሬውና የቅጠሉ ጠጉር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለአማተር ፎቶ አንሺ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም፤ ካሜራ ከመግዛት በፊት እነዚህን ገጾች ማገላበጥ ይጠቅማል እላለሁ።

አሁን ወደ ካሜራው። ማክሮ የሚባለው በጥብቅ ትርጉሙ ነገሩ በእውነተኛ መጠኑ የካሜራው ሴንሰር ላይ ሲያርፍ ነው። ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር ስፋቱ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ደህና የፈካ አደይ አበባ በዚህ ልክ ሙሉውን አይገባም፤ የሚታየው መካከሉ ብቻ ነው። ጥሩውም እሱ ነው፤ አንድ አበባ የመሰለን ነገር በብዙ ጥቃቅን አበቦች የተገነባ ከተማ መሆኑ የሚገለጠው እዚያ ላይ ነው። ዳር ያሉት ቢጫ ምላሶች እያንዳንዳቸው አንድ አበባ ናቸው፤ መሐሉን የሞሉት ቱቦዎችም እንዲሁ፣ ከየቱቦው አናት ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ ጫፍ ብቅ ብሎ ብናኝ ይጠብቃል።

ችግሩ ጥራት የሚያገኘው ውፍረት ማነሱ ነው። በዚያ ርቀት፣ በኤፍ 8 ክፍተት፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክፍተቱን እስከ 22 ማጥበብ መፍትሔ ይመስላል፤ ያኔ ግን ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ጠርዝ ስለሚበተን ፎቶው በሙሉ ይለሰልሳል። ልምድ ያላቸው ከፊት ወደ ኋላ ፎከሱን በጥቂት በጥቂቱ እያዛወሩ ብዙ ፎቶ ያነሱና በኮምፒውተር ያዋህዱታል። ያ ደግሞ ነፋስ የሌለበት ሰዓት ይፈልጋል። በተራራው ላይ አየሩ የሚረጋው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግንዱን ቀጥ ባለ እንጨት ደግፎ ማሰር ወይም ተስፋ ቆርጦ ወደማይወዛወዝ ነገር፣ ወደ ቅርፊትና የዛፍ ሽበት ማዞር ይሻላል።

ለመሣሪያ የግድ ብዙ ገንዘብ አይወጣም። ማክሮ ሌንስ ውድ ነው፤ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባው ባዶ ቱቦ ግን መስታወት እንኳ የለውም። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሲታከል የግማሽ መጠን ያህል ማጉላት ይገኛል። ከፊልም ዘመን የቀረ አሮጌ ሌንስ ያለው ሰው በቀለበት ገልብጦ ቢያስረው ይሠራለታል። ስልክ የያዘው ደግሞ ቆንጣጭ ሌንስ ይለጥፋል፤ አዳዲሶቹ ስልኮች ያለዚያም ይጠጋሉ፤ ክፋቱ በጣም ስለሚጠጉ የስልኩ ጥላ አበባው ላይ ማረፉ ነው። ስልክ ሌላም ብልጫ አለው፤ ትልቅ ካሜራ አንግቶ የቆመን ሰው ጥበቃ ለምንድነው፣ ፈቃድ የታለ ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው፣ ስልክ የያዘን ማንም አይጠይቅም።

ብርሃኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ነውና። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ናት። ቢጫ አበባ በዚያ ብርሃን ይቃጠላል፤ የአበባው ምላስ መስመሮች ጠፍተው ጠፍጣፋ ቀለም ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ለአደይና ለአምጃ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ፣ ነጭ ለሆነው ቀጋ ደግሞ ካሜራው አጥቁሮ እንዳያወጣው ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከፀሐይና ከአበባው መካከል ነጠላ ወጥሮ የሚይዝ ጓደኛ ከማንኛውም ፍላሽ ይበልጣል። የክረምት ደመናም ይህንኑ ሥራ በነጻ ይሠራል፤ በሐምሌ ጭቃ ለመንበርከክ የሚደፍር ካለ።

ከአደይ ሌላ ምን አለ? ኮሶ ወንዱና ሴቴው በየተለያየ ዛፍ ላይ ነው፤ የሴቴው ዘለላ ይቀላል። ዛፉ ረጅም ስለሆነ ከሥር ማንጋጠጥ ከንቱ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ከፍ ብሎ ቆሞ ከአናቱ ትይዩ ማንሳት የተራራ ሰው ጥቅም ነው። እሾሃማው ቀይ ኮሸሽላ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ሲሆን አበባው የታችኛው ከንፈር እንጂ የላይኛው የለውም፤ ይህ ከጎን ካልተነሳ አይታይም። የሚናቀው ባህር ዛፍ እንኳ በቅርብ ሲታይ ያስገርማል፤ የአበባ ቅጠል የለውም፣ እምቡጡን የደፈነው ክዳን ወድቆ ነጭ ክሮች ይፈነዳሉ። ባህር ዛፉን የሚያነሳ ሰው ብርቅ መሆኑ የሚገባኝ አይደለም።

ለመለየት የሚጠቅም ፎቶ ስብስብ ነው እንጂ አንድ አይደለም። ተክሉ ከነቆመበት ቦታ፣ ቅጠሉ ከላይና ከሥር፣ ከግንዱ ጋር የተያያዘበት መገጣጠሚያ፣ አበባው ከፊትና ከጀርባ፣ ከተገኘ ፍሬው፣ አጠገቡ መጠን የሚያሳይ ሳንቲም። በዚህ ላይ ቀኑና ከፍታው ከተጻፈ ፎቶው ለአራት ኪሎው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኅደር) ሰዎችም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ለተጀመረው፣ የማንም ሰው ምልከታ ለሚመዘገብበት ድረ ገጽ ለአይናቹራሊስት ይሆናል። ጀርመናዊው ካርል ብሎስፌልት እ.ኤ.አ. በ1928 ያሳተመው ዝነኛ የዕፅዋት ፎቶ መጽሐፍ የተወለደው ከተመሳሳይ ሥርዓት ነው፤ ፎቶዎቹ ሰውየው ለጥበብ ተማሪዎቹ የቅርጽ ማስተማሪያ ሲያዘጋጅ፣ ራሱ በሠራው ካሜራ፣ በተራ ዳራ ላይ፣ ያለ ጌጥ ያነሳቸው ነበሩ። ውበቱ ተከትሎ መጣ።

አንድ ነገር ግን አብሮ መነገር አለበት። ዳራ ለማጥራት ሲባል በዙሪያው ያለውን ሣር መንቀል፣ አንድ አበባ ለማንሳት አሥር መርገጥ በየመስከረሙ የሚታይ ነው፤ ሣሩን በክር ወደ ጎን ማሰር ይቻላል። ኦርኪድ ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ከፊሊፕ ክሪብ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት የኦርኪድ መመሪያ ከ160 በላይ የኢትዮጵያ ዝርያዎችን ያሳያል፣ ነቅሎ የሚሸጥ ሰው ደግሞ በየአገሩ አለ። ስልክ ፎቶው ውስጥ የቦታውን ልክ ራሱ ጽፎ ስለሚያስቀምጥ፣ ብርቅ ተክል ያገኘ ሰው ለሕዝብ ከማጋራቱ በፊት ያንን መረጃ አጥፍቶ ክፍለ ከተማውንና ወሩን ብቻ ቢጽፍ፣ ትክክለኛውን ቦታ ለሄርባሪየሙ ቢያስቀር ይሻላል።