ከኋላ ወንበር ስር ያለው ቁጥር

ነገሩን የሚያውቅ የአሮጌ ቮልስ ገዢ በቀለም አይሸነገልም። መጀመሪያ የኋላውን ወንበር ብድግ ያደርጋል። እዚያ፣ በወለሉ መሐል በቁመት በሚያልፈው የብረት ቦይ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል፤ በስተቀኝ ባትሪው ተቀምጧል። ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያይቶ ሲጨርስ ከባትሪው ስር ያለውን ላሜራ በጣቱ ይጫነዋል። ለዓመታት የተንጠባጠበ አሲድ ብረቱን በልቶት ከሆነ ጣቱ ይሰምጣል፤ ባስ ሲልም መኪናው የቆመበት ኮረት በቀዳዳው ይታያል። በቅርቡ ተበይዶ ላዩን ካትራሜ የተቀባ ወለልም ቢሆን ነገሩን አይደብቅም፤ የብየዳው ጠርዝ እጅ ላይ ይሻክራል።

ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ የሞተሩን ክዳን ይከፍታል። ከታች ያለውን ትልቁን ፑሌጃ በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ መልሶ ይገፋዋል። ጤነኛ ሞተር ላይ ይህ እንቅስቃሴ የ1 ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሆነ እጅ አይለየውም። ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ግን ክራንኩን የያዘው ኩሽኔታ አልቋል፤ ሞተሩ ወርዶ መከፈት አለበት፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። «ጋሼ፣ ሞተሩ ተከፍቶ ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ይኼኔ ነው። ሻጩ በጥያቄው ሊሸማቀቅ አይገባም። ለሌላ መኪና «ሞተሩ ያልተከፈተ» ማለት ሙገሳ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ላለፈው ቮልስ ግን ያልተከፈተ ሞተር ነገ የሚከፈት ሞተር ነው። ማን ከፈተው፣ መቼ ከፈተው፣ ምን ቀየረበት የሚለው ነው ቁም ነገሩ።

ለዚህ መልስ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መኪናውን ረጅም ዘመን የያዘ፣ እጁን በዘይት ያቆሸሸ ባለቤት ነው።

ቮልስ ለእንዲህ ዓይነቱ ባለቤት የተመቸ ነው። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ክሪክ ያወርደዋል። ውሃም ራዲያተርም የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ቦዲው ራሱ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ ተፈትቶ ይነሳል፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና አራቱ ጎማዎች ወለሉ ላይ እንዳሉ ይቀራሉ። የካሊፎርኒያው ጀልባ ሠሪ ብሩስ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጠቀመው ይህንን ዕድል ነው። ከፋይበር ግላስ ቀላል ቦዲ ሠራ፤ ቀጥሎ በብዛት የሸጠው ደግሞ ወለሉ 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ባጠረ ቮልስ ላይ የሚገጠም ነበር። ደንበኛው ቦዲውን ገዝቶ፣ አሮጌ ቮልሱን ገፎ፣ ግቢው ውስጥ ራሱ ይገጥመዋል። ማየርስ ማንክስ የተባለው ይህ ክፍት መኪና አሸዋ ላይ ከእርሱ በብዙ የሚበልጥ ጉልበት ያላቸውን መኪኖች ጥሎ ያልፍ ነበር፤ ምሥጢሩ ክብደቱ መቅለሉ ነው። ማየርስ ድርጅቱን የሸጠው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በ94 ዓመቱ አረፈ።

በእንግሊዝ አገር ቤት ውስጥ መኪና መገጣጠም የተስፋፋው በሌላ ምክንያት ነው፤ በግብር። ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ሎተስ ሰቨን 500 ኪሎ ግራም የማይሞላ ስፖርት መኪና ነበር። የዚያን ጊዜው የግዢ ግብር ተገጣጥሞ በተሸጠ መኪና ላይ ይከፈላል፤ ተበታትኖ በሣጥን በተሸጠ ዕቃ ላይ ግን አይከፈልም። ከሣጥኑ ጋር የመገጣጠሚያ መመሪያ ማስገባት ስለተከለከለ የመፍቻ መመሪያ አስገብተው ደንበኛው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲያነበው ያደርጉ ነበር ይባላል። ያ ግብር እ.ኤ.አ. በ1973 ቀረ፤ በዚያው ዓመት የሰቨንን የመሥራት መብት ኬተርሃም የተባለው ድርጅት ገዛ። ልማዱ ግን አልቀረም። ዛሬም በዚያ አገር እንዲህ ያለ መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢው ከመኪናው እኩል የሚመረምረው የሥራውን ፎቶና ደረሰኝ የያዘውን ክላሴር ነው።

በኢትዮጵያ ከባዶ ተነሥቶ ስፖርት መኪና ገጥሞ ሰሌዳ የማሰጠት ልማድ የለም። ለዚያ ነገር የቀረበው አሮጌ ቮልስ ይዞ፣ ፈትቶ፣ መልሶ የሠራ ሰው ነው። መኪናው በአገሪቱ ታሪክ ውስጥም ስፍራ አለው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን የወረዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። የመጨረሻው ኦሪጅናል ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ከፋብሪካ ሲወጣ በዓለም ዙሪያ የተመረተው ቁጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የሚሸጠው ሁሉ የሌላ ሰው አሮጌ ነው።

ወልድያ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለ መኪና የሚሸጥ ሰው አንድ የማያሻማ ዕድል አለው፤ መፈተኛ መንገድ አልተቸገረም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ማንኛውም ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ 40 የፈረስ ጉልበት የተሰጠው ባለ 1300 ቮልስ ወደ 32 ይወርዳል። ገዢው ወደ ደቡብ፣ በሲሪንቃ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ሲደርስ ሙቀቱ ይጨምራል። ፓፓያና ማንጎ ከሚሸጥበት መንገድ ዳር ቆም ብሎ ሞተሩን ያጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ያስነሳል። ሲሞቅ አልነሣም የሚል ቮልስ ገመናውን የሚያወጣው እዚህ ነው።

ከባዱ ፈተና ግን ወደ ምዕራብ ነው። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ከወልድያ ተነሥቶ በድልብ በኩል ወደ ጋሸና ሲወጣ አሮጌ ሞተር በሁለተኛ ማርሽ ረጅም ሰዓት ያቃስታል። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ውሃ አያፈላም፤ ስለዚህ አሽከርካሪው የሙቀቱን ማስጠንቀቂያ በእንፋሎት አያገኝም፤ የሚግለው ዘይቱ ነው። ከኋላ ጥቁር ጭስ ከታየ ካርቡሬተሩ ለከፍታው አልተስተካከለም፤ ይህ ቀላል ነው። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፤ ይህ ቀላል አይደለም። ሲመለሱ ደግሞ ቁልቁለቱ የፍሬኑን ሸራ ይፈትናል። እንዲህ ዓይነቱን ጉዞ ሻጩ ራሱ ቢጋብዝ ይመረጣል፤ ደላላ መሐል ገብቶ «ዳገት አይወድም እንዴ?» እያለ ዋጋ ከሚያወርድ፣ ባለቤቱ ቁልፉን አቀብሎ ጎኑ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

ዋጋ ላይ ሲደርሱ የቆየ ባለቤት ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። የገዛበትን ያስታውሳል። በጥቂት ሺህ ብር የገዛውን መኪና ዛሬ በመቶ ሺዎች ሲጠየቅ ያተረፈ ይመስለዋል፤ የተለወጠው ግን ብሩ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 አጋማሽ ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አገር ውስጥ ያለ፣ ሰሌዳ ያለው ማንኛውም ባለ ነዳጅ መኪና በዚህ መሐል ተወደደ። ስለዚህ ሻጩ ሊያወዳድር የሚገባው ከዛሬ ሃያ ዓመቱ ዋጋ ጋር ሳይሆን ያንን ገንዘብ ይዞ ነገ ከሚገዛው ነገር ጋር ነው። ምናልባት ባጃጅም ላይገዛለት ይችላል።

ለጥገና ያወጣውን ሁሉ ከዋጋው ላይ መደመርም አያዋጣም። ቀለምና ወንበር ወጪያቸውን አይመልሱም። የተጠገነ ወለል፣ በደረሰኝ የተደገፈ የሞተር ሥራ፣ ከፋብሪካ የመጣው ኦሪጅናል ፋናና መስታወት ግን ያስከፍላሉ። የቮልስ ወዳጅና የመለዋወጫ ሱቅ የሚበዛው ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ነው፤ ጥሩ ገዢ ከዚያ ቢመጣ አያስገርምም። መኪናውን እየነዳ ይሂድ ወይስ አይሱዙ ላይ ይጫን የሚለው ራሱ አንድ የዋጋ ድርድር ነው።

በእጅ የተሠራ መኪና የሚሰናከለው ግን ከመንገድ ይልቅ ወረቀት ላይ ነው። ሊብሬው የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥርና ቀለም ይዟል። ቮልስ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ሞተር ሳይቀየርለት አይቀርም፤ አዲስ የገባው ሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ፣ ነጭ የነበረው ቀይ ሆኖ ካልተመዘገበ፣ ወይም ባለቤቱ ጣሪያውን ቆርጦ ክፍት ካደረገው፣ ብረቱና ወረቀቱ አይገናኙም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 እንዲህ ያሉ ለውጦች በመዝጋቢው አካል እንዲታወቁ ይጠይቃል። ይህንን ገዢ ከመጣ በኋላ ማስተካከል የሻጩን እጅ ያስራል፤ የሚቸኩል ገዢ ሌላ ጋ ይሄዳል፣ ካልሆነም ጣጣውን ቆጥሮ ዋጋ ይቀንሳል።

ሊብሬው በአባት ስም ቀርቶ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ባለትዳር ሻጭ የትዳር ጓደኛውን ፈቃድ፣ ያላገባ ደግሞ ያለማግባት ማስረጃ ይዞ ነው ውል የሚፈርመው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሰሜኑ ጦርነት እጅግ ከተጎዱት ከተሞች አንዷ ስለነበረች ሰነዱ የጠፋበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ምትክ ማውጣት አለበት። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ጊዜያቸው ያለፈ ከሆነ እነዚህም ይታደሳሉ።

ቀብድ መቀበል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠንከር ያለ ነው። በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በስተቀር ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ረጅም ዘመን የያዘውን መኪና ሊሸጥ የተነሣ ሰው ሌሊቱን አድሮ ልቡ የሚመለስበት ጊዜ ስለማይጠፋ፣ ቁርጡን ሳያውቅ ቀብድ ባይነካ ይሻላል።

ከሁሉ የሚብሰው ስሕተት በውክልና ብቻ ሸጦ ስሙን ሳያዛውሩ መለያየት ነው። ገዢው የስም ማዛወሪያውን ወጪ ለማዘግየት፣ ወይም አትርፎ ለሌላ ለመሸጥ ሲል ይህን መንገድ ይወዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ግን ባለሞተር ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ መኪናውን ያሽከረከረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ አያመልጥም፤ መሰረቁን ካላስረዳ በቀር። ሊብሬው በሻጩ ስም እስካለ ድረስ፣ ከዓመት በኋላ አዳማ ወይም ሐዋሳ ላይ አደጋ ሲደርስ መጥሪያው የሚላከው ወልድያ ነው። ሻጩ የመጨረሻውን ክፍያ የሚቀበልበትንና ስም የሚዛወርበትን ቀን አንድ ላይ ቢያደርግ፣ ፋይሉ ወደ ገዢው ከተማ ሲሄድም የተዛወረውን ሊብሬ ኮፒ ቢይዝ ከዚህ ጣጣ ይድናል። ትርፍ ካርቡሬተሩ፣ አሮጌው ዲናሞና የጥገና ማስታወሻው በዚያው ቀን አብረው ይረከባሉ፤ ውሉ ላይ በስማቸው ከተጻፉ ደግሞ በኋላ አይጨቃጨቁባቸውም።