ሌክቸሩ በቪዲዮ፣ ሙከራው በእጅ፦ የምህንድስና ተማሪዎች ምርጫ

የኮሮና ወረርሽኝ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመማሪያ ክፍሎችን ሲያዘጋ፣ በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ሹሊክ የምህንድስና ትምህርት ቤትም ወደ በይነ መረብ ትምህርት ተሸጋገረ። በዚያን ጊዜ ከአገሩ ሆኖ ለሚማር የውጭ ተማሪ ሰዓቱ ራሱ ፈተና ነበር። በካናዳ የበረዶ ወራት ካልጋሪ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ነው።

ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች አስተያየታቸውን የተጠየቁ የምህንድስና ተማሪዎች በአንድ ነገር ይቀራረባሉ፤ የተቀዳ ሌክቸር እንዲቀርባቸው አይፈልጉም። የካልኩለስ ቀመር ሲወሳሰብ ቪዲዮውን አቁሞ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። እየሠራ ለሚማር ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ነው።

ቤተ ሙከራው ላይ ግን ሐሳባቸው ይለወጣል። በኮምፒውተር በተመሰለ ሰርኪዩት የተሳሳተ ሽቦ አይጨስም፤ መለኪያውም አይዋዥቅም። ተማሪው ስህተት ፈልጎ ማረምን የሚለማመደው ዕቃው አልሠራ ሲለው ነው። ይህ የተማሪዎች ምርጫ ብቻ አይደለም። የካናዳ የምህንድስና ትምህርት ዕውቅና ሰጪ ቦርድ ከተመራቂዎች ከሚጠብቃቸው 12 ብቃቶች መካከል ምርመራ፣ ንድፍና የቡድን ሥራ ይገኙበታል።

በኢትዮጵያ ጥያቄው ከዚህ ቀድሞ ይጀምራል። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው በሸኙበት በዚያው ዓመት፣ ከሰኔ 23 ጀምሮ በይነ መረብ በአገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር። ግንኙነቱ ሲኖርም በሞባይል ካርድ ለሚጠቀም ተማሪ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ቀላል ወጪ አይደለም። አምስት ኪሎም ሆነ ባሕር ዳር ለሚማር፣ ሌክቸሩን በግቢው ዋይፋይ አውርዶ ቤቱ መመልከት መቻሉ ከቀጥታ ስርጭት ይልቅ ይጠቅመዋል።

ቅይጥ የሚባለው ትምህርት ሁለቱን ያጣምራል፤ ጽንሰ ሐሳቡ በቪዲዮ፣ ሙከራውና የቡድን ሥራው በአካል። ቅሬታ የሚበዛው አስተማሪው በቪዲዮ ያስተማረውን ክፍል ውስጥ ሲደግመው ነው፤ ተማሪው ለአንድ ትምህርት ሁለት ጊዜ ይከፍላልና። ክፍሉ ለጥያቄና ለመልመጃ ሲውል ግን ብዙዎቹ ቅይጡን ይመርጣሉ።

ወደ ካናዳ ለመሄድ የሚያስብ ተማሪ ሌላም የሚያጣራው ነገር አለ። ከምረቃ በኋላ የሚሰጠውን የሥራ ፈቃድ ለማግኘት በመደበኛው ደንብ ቢያንስ የትምህርቱን ግማሽ በካናዳ፣ ክፍል ውስጥ ተገኝቶ መማር ይጠበቅበታል፤ ስለዚህ ከመመዝገቡ በፊት ከትምህርቱ ምን ያህሉ በበይነ መረብ እንደሚሰጥ መጠየቅ ይኖርበታል።